«ተጋጭቼ አላውቅም» አትበሉ፦ አብራሪ ስንመለምል የማያቸው ስህተቶች

አብራሪ ለመቅጠር ከሚጠይቁት ሰዎች ጋር መቀመጥ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኑኝ። ስለ እንግሊዝኛ ፈተና፣ ስለ ሕክምና ምርመራ አላወራም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። አሳምሮ የሚያበር ልጅ በጠባዩ ወድቆ ሲወጣ ግን ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝን ላስቀድም። «ከካፒቴንህ ወይም ከአስተማሪህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን» እንላለን። ልጁ ቀና ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «እኔ ከማንም ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» ይላል። ጨዋነቱ ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም በል እየተባልን ነው ያደግነው። ለሽምግልና ቢሆን ደግ ነበር። ኮክፒት ውስጥ ግን ይሉኝታ ሰው ጨርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። የአንደኛው፣ የሆላንዱ ኬኤልኤም አየር መንገድ ካፒቴን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ ነበር መንደርደር የጀመረው። የበረራ መሐንዲሱ «ያኛው አውሮፕላን መንደርደሪያውን አልለቀቀም እንዴ?» ዓይነት ጥያቄ አንስቶ ነበር። ካፒቴኑ «ለቋል» ብሎ በሙሉ ልብ መለሰለት። ኩባንያው ውስጥ አንቱ የተባለ አሠልጣኝ ነው፤ ማን ደግሞ ይጠይቀዋል? በዓመቱ ደግሞ አሜሪካ ፖርትላንድ አጠገብ፣ ካፒቴኑ በማረፊያ ጎማ ችግር ተጠምዶ ሳለ የዲሲ-8 አውሮፕላን ነዳጅ አለቀ። 10 ሰው ሞተ። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ስለ ነዳጁ አንስተዋል፤ ጠበቅ አድርገው ግን አልነገሩትም። ዛሬ ሲአርኤም የምንለው፣ የበረራ ቡድን ተነጋግሮ አብሮ መሥራትን የሚማርበት ሥልጠና የመጣው ከእንዲህ ዓይነት አደጋዎች ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ነገረኛ ነህ ወይ?» አይደለም። ምን አየህ፣ እንዴት አድርገህ ተናገርክ፣ ከዚያስ ምን ሆነ? ነው።

እኔም ዝም ብያለሁ። ረዳት አብራሪ ሳለሁ ካፒቴኑ መሣሪያው ላይ የተሳሳተ ከፍታ ሲሞላ በዓይኔ አየሁ። «ያውቃል እንጂ» ብዬ አፌን ያዝኩ። አላወቀም። ያረመን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቦታ ስቀጠር ይህንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እያፈርኩ እንዳለ ነገርኳቸው። ተቀጠርኩ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንዱን ልጅ «መሪ ሆነህ ታይ» ብለው መክረውት መጣ። በቡድን ሥራው ላይ እስክሪብቶውንም፣ ወረቀቱንም፣ ወሬውንም ያዘው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ትክክለኛውን ስሌት ይዛለች። ሦስት ጊዜ ጀመረች፣ ሦስት ጊዜ አቋረጣት፤ ተወችው። እሱ ወደቀ። እሷንም ለጥቂት ነው ያሳለፍናት፤ አራተኛ መሞከር ነበረባት።

በቴሌግራም የሚዞር መልስ አትሸምድዱ። በአንድ ቀን ሦስት ልጆች ያችኑ የታመመች ተሳፋሪ አድነውልናል።

ሎግ ቡክ ላይ፣ የበረራ ሰዓታችሁን በምትመዘግቡበት ደብተር፣ ያልበረራችሁትን ሰዓት አትጨምሩ። ይኼንንም መጻፍ ነበረብኝ?

ሲሙሌተር (የበረራ መለማመጃ ማሽን) ላይ ከፍታ ወይም ፍጥነት ቢያመልጣችሁ አንገት አትድፉ። «አለፍኩት፣ እየመለስኩ ነው» ብላችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩትና ቀጥሉ። ለመጀመሪያው ስህተት ብዙም አንጨነቅም። እሱን እያብሰለሰላችሁ ቼክሊስቱን ስትረሱት ነው የምንጽፈው።

የሥነ ልቦና መጠይቁ ላይ መልአክ የሚሆኑም አሉ። «በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም» የሚለው ላይ «እውነት» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ወዳጄ፣ ጥያቄው የገባው እኮ ይህን ለመያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጀርመኑ አየር መንገድ የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ 150 ሰው የነበረበትን አውሮፕላን ሆን ብሎ ከተራራ ጋር ካላተመ በኋላ፣ አውሮፓ ውስጥ አብራሪ ሥራ ሳይጀምር የሥነ ልቦና ምዘና እንዲያልፍ ግዴታ ሆኗል። አብራሪዎች የሙያ ጓደኛቸውን በምስጢር የሚያማክሩበት አሠራርም አብሮ መጥቷል። እኛ ዘንድ «ጭንቅላቴ ደከመ» ማለት ነውር ነው። ከተቀጠራችሁ በኋላ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ቤት ሲታመስ፣ ቶሎ ተናገሩ። ደብቀው የከረሙ ልጆች አውቃለሁ፤ ሲብስባቸው ፈቃዳቸውንም ጤናቸውንም አብረው አጡ።

ካፒቴን የሆናችሁትም አላመለጣችሁም። እ.ኤ.አ. በ1989 ካፒቴን አል ሄይንስ የሚያበረው ዲሲ-10 አውሮፕላን፣ መሪውን የሚያንቀሳቅሰውን ሃይድሮሊክ በሙሉ አጣ። ተሳፋሪ ሆኖ የመጣ አንድ አሠልጣኝ አብራሪ «ልርዳችሁ» ሲል ሄይንስ አስገባው፤ የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያም አስያዘው። አሜሪካ ሱ ሲቲ ላይ ተከሰከሱ፤ ከ296ቱ ግን 184 ሰው ተረፈ። «እኔ ካፒቴኑ እያለሁ» ቢልስ ኖሮ?

ባለፈው አንድ አዲስ ረዳት አብራሪ «ካፒቴን፣ ፍላፑ» አለኝ፤ ለመነሳትና ለማረፍ የሚዘረጋውን የክንፍ ክፍል ማለቱ ነው። ፊቴ ሊቋጠር ሲል ይታወቀኛል። አየሁት፤ ፍላፑ ልክ ነው፣ የተሳሳተው እሱ ነው። «አመሰግናለሁ፣ አይቼዋለሁ» አልኩት። ከመውረዳችን በፊት ሁለት ጊዜ ተናገረኝ፤ አንዱ ልክ ነበር።