የድንበር መንደር ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ለጅማ ልጆች

የአያቶቻችሁን መንደር ታሪክ ልትጽፉ ካሰባችሁ፣ በተለይ መንደሩ ሁለት ወገን የኔ ነው የሚለው ቦታ ላይ ከሆነ፣ ቶሎ ጀምሩ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው።

መጀመሪያ የድሮው ድንበር የት እንደነበር እወቁ። እኛ ጋ የጊቤ መንግሥታት (ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ) በመሀላቸው ሰው የማይሰፍርበት መሬት ይተዉ ነበር፣ መግቢያው ላይ ኬላ ነበር፣ ከከፋ ጋር ደሞ የሚለየን የጎጀብ ወንዝ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆዩ፣ ከፋ ግን ተዋግቶ 1890 አካባቢ ተያዘ፣ ስለዚህ ከጎጀብ ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው ያንኑ ዘመን የሚያወራው ለየቅል ነው። ሁለቱንም ወገን ሳትሰሙ አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው፣ ካልተስማሙም ሁለቱንም እንዳለ ጻፉት፣ ዳኛ አትሁኑ።

ሽማግሌ ጋ ስትሄዱ በድንበር አትጀምሩ፣ ሰው ወዲያው ይጠነቀቃል። ገበያ ጠይቁ፣ ጋብቻ ጠይቁ፣ "ሐጂ፣ ድሮ ቡናውን ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ነበር የምታወጡት ወይስ ማዶ?"፣ "እማማ፣ እርስዎ ከየት ነው ተድረው የመጡት?" በሉ። ማን ከማን እንደሚጋባ፣ ሬሳ የት እንደሚቀበር ስትሰሙ ድንበሩ ራሱ ይወጣል። ዓመተ ምህረት አትጠይቁ፣ "የካቲት 67 መሬት ላራሹ ሲታወጅ አግብተው ነበር?" ብትሉ ይሻላል፣ ከዛ እናንተ ታሰሉታላችሁ።

ወረቀት ደሞ አለ። የድሮ የግብር ደረሰኝ ብዙ ቤት ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ፣ ማህተሙ የደበዘዘ። አትውሰዱት፣ እዛው ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ፊትና ጀርባውን በሞባይል አንሱት። ትንሽ ነገር አይደለም፣ ባድመን እዩ፣ በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተነሳባት ትንሽ የገበሬ መንደር ናት፣ የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 1994 ሲወስን የምኒልክ ዘመን ውሎችን ያዘ፣ ኢትዮጵያ አስተዳድሬዋለሁ ብላ ያቀረበችው ማስረጃ መስመሩን ለመቀየር አይበቃም ተባለ፣ ባድመም ወደ ኤርትራ ሆነች። ገበሬው የሚያውቀው ነገር በጊዜው ካልተመዘገበ እንደዚህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚያወጣው የለም።

በበጋ ደሞ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቦታውን በእግር ዙሩት፣ ሳሩ ሲደርቅ የድሮ ቦይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ዋርካውን፣ መቃብሩን፣ የከብት መሻገሪያውን በሞባይላችሁ ጂፒኤስ ያዙ።

የሰው ስምና የእርሻ ወሰን ግን ሳታስፈቅዱ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁ፣ ነገ ክስ ይሆናል ወይ ጠብ ያስነሳል። ሲያልቅ ፕሪንት አድርጋችሁ ለነገሯችሁ ሰዎች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ያረሙትን አርሙ፣ አንዱን ኮፒ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ስጡ፣ አንዱን ማዶ ላሉት።