የስኩባ መሣሪያ ይዞ በአውሮፕላን ለመጓዝ፦ ሻንጣውን ለፍተሻ ማዘጋጀት

በአየር ማረፊያ የኤክስሬይ ማሳያውን የሚመለከተው ፈታሽ አብዛኛውን ጊዜ በስኩባ፣ ማለትም የታመቀ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ውኃ ውስጥ እየተነፈሰ፣ ጠልቆ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ለእርሱ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ለመተንፈስ በሚመች ግፊት ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) ማለት ቱቦዎች የተቀጠሉበት የናስ ድቡልቡል ነው፤ የውኃ ውስጥ መብራትም ባትሪ የጎረሰ ወፍራም የብረት ቀለህ ይመስለዋል። ስለዚህ ሻንጣው ሲዘጋጅ፣ ዕቃውን አይቶ የማያውቅ ሰው ከፍቶ ምንነቱን ሊረዳ እንደሚገባው ታስቦ መሆን አለበት።

ጭንብል፣ የእግር መቅዘፊያ፣ የመጥለቂያ ልብስ፣ ተንሳፋፊ ጃኬትና ሬጉሌተር በአጠቃላይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ መሄድ ይችላሉ። ጥንቃቄ የሚሹት የታመቀ ጋዝ፣ ሊቲየም ባትሪ፣ ኃይለኛ መብራትና ስለት ናቸው፤ እነዚህን የሚገዙት ደግሞ ሁለት የተለያዩ የደንብ ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ለጥቃት ሊውል የሚችል ነገር ወደ ተሳፋሪዎች ክፍል እንዳይገባ የሚከለክለው የደኅንነት ፍተሻ ነው። ሁለተኛው እሳትና ፍንዳታን ለመከላከል የወጣው የአደገኛ ዕቃዎች ደንብ ሲሆን፣ መሠረቱም የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ቴክኒካዊ መመሪያ ነው። ቢላዋ በመጀመሪያው ስለሚታይ በሚጫነው ሻንጣ ከገባ ጉዳዩ አለቀ፤ መለዋወጫ ባትሪ ግን በሁለተኛው ስለሚታይ፣ በሚጫነው ሻንጣ መግባቱ ራሱ ጥፋት ነው። አጠራጣሪ የመሰለውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ጭነት የሚልክ መንገደኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አገሮችና አየር መንገዶች ከዚህ የጠበቀ ደንብ ሊያወጡ ስለሚችሉ፣ በጉዞው ላይ ያለውን እያንዳንዱን አየር መንገድ አስቀድሞ መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

የአየር ሲሊንደርን በተመለከተ ምክሬ ቤት ይተዉት የሚል ነው። የተለመደው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን ወደ 14 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቅዱት 23 ኪሎ ግራም ከግማሽ በላይ ይወስዳል፤ ደግሞም በመጥለቂያ ሥፍራዎች በቀላሉ የሚከራይ ዕቃ ነው። የግድ የሚወሰድ ከሆነ አየሩን ማስወጣት ብቻውን በቂ አይሆንም። ባለ 11 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,200 ሊትር ያህል አየር ያምቃል፤ ቫልቩ እንደተገጠመ ሲቀርብ ግን ፈታሹ ሙሉውን ከባዶው የሚለይበት መንገድ የለውም። በዚህ ምክንያት፣ ለምሳሌ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ሲሊንደር የሚያሳልፈው ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ፣ አፉ ክፍት ሆኖ፣ ውስጡ በዓይን ሲታይ ነው። ፈታሾቹ ራሳቸው ቫልቩን ስለማይፈቱ፣ ተዘግቶ የመጣ ሲሊንደር ከፍተሻው አያልፍም። ለድንገተኛ ጊዜ የሚያዘው ትንሽ ሲሊንደርም ትንሽነቱ ከዚህ ደንብ ነጻ አያወጣውም።

ቫልቩን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው። ጥቂት ግፊት እንኳ ቢቀር ቫልቩ ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ አየሩም በዝግታ መውጣት አለበት፤ ፈጥኖ ከወጣ ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ እርጥበት ይቋጥራል። በመድረሻው ቦታ ደግሞ ቫልቩ ከመገጠሙ በፊት ሲሊንደሩ ውስጡ ታይቶ፣ ኦሪንጉም (አየር ወይም ውኃ እንዳያልፍ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ተፈትሾ መሆን ይገባዋል። ይህን ሁሉ ጣጣ ከኪራዩ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሲሊንደር ተሸክሞ የሚሄድ አይመስለኝም።

ኃይለኛ የውኃ ውስጥ መብራት የተሠራው በዙሪያው ያለው ውኃ እንዲያቀዘቅዘው ታስቦ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ በልብስ መካከል ሳይታሰብ ከበራ ግን እሳት እስከ ማስነሣት ሊግል ይችላል። ደንቡ እንዲህ ያለው መብራት በአየር መንገዱ ፈቃድ እንዲጓዝና ባትሪው ወይም የሚግለው ክፍል እንዲነጠል የሚያዘው ለዚህ ነው። ማብሪያውን በፕላስተር ማሰር ይህን አይተካም።

ከመብራቱ የወጣው ባትሪ መለዋወጫ ስለሚሆን ቦታው የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ጫፎቹ ከብረት ጋር እንዳይነካኩ በፕላስተር ይሸፈኑ ወይም እያንዳንዱ ለብቻው በላስቲክ ከረጢት ይግባ። ሊቲየም አዮን ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ መለዋወጫውም ከሁለት አይበልጥም፤ ከ160 በላይ የሆነው በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም። መጠኑ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ማባዛት ነው፤ 11.1 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 77.7 ዋት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ስሌት ብዙ የውኃ ውስጥ መጎተቻ ሞተሮች ከገደቡ ያልፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከጉዞው አስቀድመው በካርጎ መላክን ማሰብ አለባቸው።

ቢላዋ፣ ገመድ መቁረጫና ዓሣ መውጊያ ጠመንጃ በሚጫነው ሻንጣ ይገባሉ፤ ስለታቸውም ሻንጣ የሚከፍተውን ሠራተኛ እንዳይቆርጥ በሰገባ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል። ውስጡ ምላጭ ያለበትን ትንሹን የገመድ መቁረጫ ብዙዎች በጃኬታቸው ኪስ ረስተው ፍተሻ ላይ ይደርሳሉ። መፍቻዎችም ከስለቱ ጋር ቢሄዱ ይሻላል።

ሬጉሌተሩን፣ የጠላቂ ኮምፒውተሩን (ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረውን መሣሪያ) እና ጭንብሉን ግን ከእጅዎ አይለዩ፤ ሻንጣ ቢጠፋ በኪራይ ለመተካት የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸው። ሬጉሌተሩ ቱቦዎቹ ሳይታጠፉ ተጠቅልሎ በራሱ ቦርሳ ከላይ ይቀመጥ፤ ፈታሹ ከጠየቀም በአንድ ጊዜ ይወጣል። ለመስመጥ የሚታጠቁት የእርሳስ ብረት ክብደት ኤክስሬይ የማያሳልፍ ጥቁር ግርዶሽ ስለሚፈጥር፣ ኪሎም ስለሚበላ፣ ከሲሊንደሩ ጋር ቤት ይቅር። ተንሳፋፊው ጃኬት ውስጥ አየር አይተዉ፤ በበረራ ላይ በክፍሉ ያለው ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ሊወርድ ስለሚችል አየሩ በሲሶ ያህል ይነፋል። የካሜራ መያዣም ኦሪንጉ ወጥቶ ቢጓዝ ይመረጣል፤ በምድር ግፊት የታሸገ መያዣ በአየር ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋልና።

የተነፈሱትን አየር እያጣራ የሚመልሰውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ጠላቂዎች በማጣሪያው ውስጥ ባለው፣ «ሶዳ ላይም» በሚባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ ውሕድ፣ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጠን ከ4 በመቶ እንደማይበልጥ የሚያሳየውን የአምራቹን ሰነድ ይያዙ፤ በዚህ መጠን ከአደገኛ ዕቃ አይቆጠርም። የመጥለቂያ ልብስ መጠገኛ ሙጫ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በየትኛውም ሻንጣ አይገባም።

በመመለሻው ጉዞ ደግሞ ፍተሻ የማያየው ገደብ አለ። በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን በዝቅተኛ ግፊት አረፋ እንዳይሆን፣ ወደ ውኃው ገጽ ሲወጣ ናይትሮጅኑ እንዲወጣለት በመንገድ ላይ ማረፍ የማያስፈልገው አንድ መጥለቅ ብቻ ያደረገ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለብዙ ቀናት የጠለቀ 18 ሰዓት ከበረራ መቆየት እንዳለበት ይመከራል፤ ሲወጣ እንዲህ ማረፍ ግድ የሆነበት ጠላቂ ከዚህም በጣም ይበልጥ መቆየት አለበት። የመመለሻው ቲኬት ሲቆረጥ የመጨረሻው መጥለቂያ ሰዓት ከበረራው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰን፤ በመካከል የሚተርፈው ጊዜም መሣሪያውን በጨው አልባ ውኃ አጥቦ ለማድረቅ ይበቃል።