የእንግሊዝኛ ጥያቄው ምን አድርጉ ነው የሚላችሁ?

ደሴ ላይ የሰፈር ልጆችን እንግሊዝኛ ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ምንባቡን ይረዱታል። የሚጥላቸው ጥያቄው ነው። ኢንፈር፣ ቶን፣ ኮንትራስት ሲባሉ ምን እንደታዘዙ ስለማያውቁ ከምንባቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ያልፋሉ፣ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መልሱ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። አብሽሩ፣ ቃላቱ ብዙ አይደሉም።

ከምንባቡ በፊት ጥያቄውን አንብቡና የሚያዝዘውን ቃል አስምሩበት። ከዚያ ይቺን ለመለማመጃ የጻፍኳትን ታሪክ ያዙ፦

«ነገ ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ። አባት ማታውኑ የፍየሏን ገመድ አጠበቀ። ልጁ ራቱን ሳይነካ ተኛ።»

ኢንፈር ማለት ከተጻፈው ተነስቶ ያልተጻፈው ላይ መድረስ ነው። ፍየሏ ልትሸጥ ነው፣ ልጁም ከፍቶታል። ታሪኩ ሁለቱንም አላለም፣ እናንተ ግን ገባችሁ። ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ልጅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ፣ እዚህ «ከየት አወቅህ?» ስትባሉ መስመሩን ማሳየት አለባችሁ። «ራቱን ሳይነካ» የሚለው ማስረጃችሁ ነው፣ ኤቪደንስ የሚባለው እሱ ነው። «አባትየው ድሃ ነው» ካላችሁ ግን ግምት ነው፤ ሰው ሳይቸገርም ፍየል ይሸጣል።

ቶፒክና ቲም በጣም ይምታታሉ። ቶፒክ ታሪኩ ስለምን እንደሚያወራ ነው፤ እዚህ የፍየል ሽያጭ ነው፣ አለቀ። ቲም ግን ታሪኩ ስለ ሰው ኑሮ የሚለው ነገር ስለሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ለአዋቂ ገበያ የሆነው ነገር ለልጅ መለያየት ሊሆን ይችላል።» «ሐዘን» ብሎ ማቆም አይበቃም።

ቶን የጸሐፊው ወይም የተራኪው ስሜት ነው፣ የባለታሪኩ አይደለም። ልጁ አዝኗል፣ ተራኪው ግን ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሰመራይዝ ሲላችሁ የሆነውን አሳጥራችሁ በራሳችሁ ቃል ንገሩት። አናላይዝ ሲል «እንዴት?» እና «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምን «አለቀሰ» አላለም? ራቱን በመተው ብቻ ዝም ያለ ሐዘን ስላሳየን ነው። ውጤት ያለው እንዲህ ያለ መልስ ላይ ነው።

ኮምፔር መመሳሰልን ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ልዩነትን ይጨምራል። ኮንትራስት ልዩነትን ብቻ ነው የሚፈልገው፦ ደሴ ይበርዳል፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ይሞቃል። ምንባብ ውስጥ ሃውኤቨር («ሆኖም») ወይም አንላይክ («ከ... በተለየ») ካያችሁ ልዩነት እየመጣ ነው።

ደብተር ላይ ቃሉን፣ የአማርኛ ፍቺውን፣ ከዚያ ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ምሳሌ ጻፉ። ምሳሌው ከቤታችሁ ወይ ከሰፈራችሁ ይሁን። በቀን አንድ ቃል ይበቃል፣ ዛሬ ማታ በኢንፈር ጀምሩ።