ባለጉዳይዋ «ሁሉም ነገር ጨለመብኝ» ስትል ከየት ይጀመራል?

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ሥራ ለጀመራችሁ ሶሻል ወርከሮች ነው። ወረዳም ሥሩ፣ ሆስፒታልም ሥሩ፣ ፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው አንድ ችግር ብቻ ይዞ አይመጣም። አምስት ስድስቱ እንደ ልቃቂት ተተብትቦበት ነው የሚመጣው። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ቅደም ተከተል፣ ማለትም መተዋወቅ፣ ማጥናት፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ መገምገምና መዝጋት፣ ልክ ነው። ግን በዚያ ሰልፍ የሚሄድ ጉዳይ የለም።

ለምሳሌ አንዲት እናት እንውሰድ። አዲስ አበባ የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነቷን ያውቃታል። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ሳይጋቡ አብሯት ይኖር የነበረው የልጇ አባት ጥሏት ሄዷል። የሁለት ወር ኪራይ ውዝፍ አለባት። ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ብትሄድ «የልደት ሰርተፍኬት አምጪ» ተብላለች። በዚያ ላይ ጨጓራዋን ያማታል። ቁጭ እንዳለች የምትላችሁ ግን «ትንሽ ብር ብትፈልጉልኝ» ነው።

ከኪሳችሁ አታውጡ። ጨክኑ ማለቴ አይደለም። አንዴ ብር ከሰጣችሁ ቀጣዩ ንግግር ሁሉ ስለ ብር ይሆናል።

መጀመሪያ አዳምጡ። ስልኩን ገልብጡት፣ ቅጹንም ወደ ጎን አድርጉት፣ ይደርሳል። በዕድሜ ከበለጠቻችሁ «እርስዎ» በሉ፤ ቢሮ ለቢሮ ስትመላለስ «ነገ ነይ» ሲሏት የከረመች ሴት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው የምትመዝናችሁ። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ጥፋተኛ ያደርገዋል፣ ተዉት። «ትናንት ምን በላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስለ ገቢዋ ከሚያወራው ቅጽ የበለጠ ትሰማላችሁ። ከሁሉም የምወደው ግን «እስካሁን እንዴት ቻልሽው?» የሚለው ነው። ያኔ ነው ጎረቤቷ ልጁን እንደምትጠብቅላት፣ እድር እንዳላት፣ ጅቡቲ ያለች እህቷ አልፎ አልፎ እንደምትደውል የሚወጣው። አንድ ወረቀት ላይ መሃል እሷን ክብ አድርጉና ዙሪያዋን እነዚህን ሰዎች ሳሉ። ወረቀቱን እሷም ታየው። «ማንም የለኝም» ብላ የገባች ሴት ስዕሉን ስታይ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ።

ወደ መፍትሔ ከመግባታችሁ በፊት ግን ሳይጠየቅ የማይታለፍ ነገር አለ። የሚመታት ሰው አለ? ዛሬ ማታ የምትገባበት አላት? ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ መጥቶባት ያውቃል? ለብቻዋ አድርጋችሁ በግልጽ ጠይቁ። ካለ፣ ሌላው ሁሉ ይቆያል። ሽምግልና ለዕዳ ጥሩ ነው፣ ለዱላ ግን አይሆንም፤ የሚመታትን ሰው ጠርቶ ከጎኗ አስቀምጦ «ተነጋገሩ» ማለት ማታ ሌላ ዱላ ማስገኘት ነው።

አሁን ችግሩን ቆራርጡት። የትኛው ይቅደም የሚለውን እሷ ትምረጥ። እናንተ ከልጁ አባት የሚጠየቀው ቀለብ ዋና ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፣ እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን አከራይዋ ናት። ስለዚህ ከአከራይዋ ጀምሩ። «ሂጂና አናግሪያት» ማለት ብቻውን ዕቅድ አይደለም። ምን ብላ እንደምትገባ እዚያው ተለማመዱት። እናንተ አከራይ ሁኑ፣ ተቆጡም። «እትዬ፣ ውዝፉን አልክድም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሽያጬ ይህን ያህል ልስጥዎት» ብላ ቁጥሩን ራሷ እስክትናገር ድገሙት። ብቻዋን ከከበዳት ከእድሩ አንድ የሚከበር ሰው ይዛ ትሂድ።

የልደት ሰርተፍኬቱ ቀላሉ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ካለፈም የዘገየ ምዝገባ አለ፣ አንዱ ወላጅ ከሌለ ሌላው ማስመዝገብ ይችላል። ግን ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ምን ምን ይዛ መሄድ እንዳለባት አረጋግጡ። ያ አንድ ስልክ የአንድ ቀን ሽያጭ ያተርፍላታል። ደብዳቤ የምትጽፉላት ከሆነ ስሟ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፣ ቀንና ማኅተሙንም እዩ። ስሟ ላይ «ሃ» እና «ሀ» ተለዋውጠው የተመለሰች ሴት ዳግመኛ ላትሄድ ትችላለች።

ቀለቡ ረጅም መንገድ ነው፣ ቀድማችሁ ንገሯት። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አባት ልጁን የመቀለብ ግዴታውን ከጋብቻ ጋር አያስረውም። አባትነቱን ከካደ ግን መጀመሪያ እሱ መረጋገጥ አለበት፣ ስለዚህ አብረው የኖሩበትን የሚያውቁ ጎረቤቶችን፣ ፎቶና የወሊድ ካርድ ከወዲሁ ትሰብስብ። መጠኑ እንደ ልጁ ፍላጎትና እንደ አባትየው አቅም ነው የሚወሰነው። የዳኝነት፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚከፈለው፣ ከሌላት በድሃ ደንብ ሳትከፍል ክስ መክፈት እንደምትችል ብዙ ሰው አያውቅም፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ለጨጓራዋ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አለ፣ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለው። የምዝገባ ወቅት ስላለው እንዳያልፋት።

ከቢሮ ስትወጣ በእጇ የሚኖረው ሥራ ከሁለት አይብለጥ። ቀኑም ይጻፍ። በቀጠሮው ደውላችሁ «አላደረግሁትም» ካለች አትቆጡ፣ ምን እንደያዛት ጠይቁና ሥራውን አሳንሱት። ፋይሉ ላይ እሷ ያለችውንና እናንተ የገመታችሁትን ለይታችሁ ጻፉ፤ ነገ ፋይሉን የሚወርሰው ባልደረባ ግምታችሁን እንደ እውነት ነው የሚያነበው።

ደግሞ ሰፈሩ አንድ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ብታገኟት ቀድማ ሰላም ካላለቻችሁ እለፏት፣ ጎረቤት «ከየት ታውቂያታለሽ?» ብሎ ይጠይቃታልና። ቤቷ ሄዳችሁ ቡና ካፈላች ጠጡ፣ እምቢ ማለት ንቀት ይመስላል። ስትወጡ የሚቋጠርላችሁን እንጀራ ግን «ለሽያጩ ይሁን» ብላችሁ መልሱ።

ውዝፉ ካለቀና ልጁ ትምህርት ከገባ ለመዝጋት አትቸኩሉ፣ የቀለቡ ክስ ገና ቀጠሮ ላይ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን የችሎት ቀን እናንተም አጀንዳችሁ ላይ ያዙት፤ በዋዜማው አንዴ ደውላችሁ ምስክሮቿ መምጣታቸውን ጠይቋት።