ጥፍር መብላት ለማቆም ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥፍሩን የሚበላ ሰው በእጁ ያፍራል። ፎርም ሲሞላ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያጥፋል፣ ሰው ሲጨብጥ ቶሎ ይለቃል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራ እስክይዝ ድረስ እንዲሁ ነበርኩ። ለማቆም ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ግን አብዛኛውን የሞከርኩት በተሳሳተ መንገድ ነው። ልማድ እጃችን በድግግሞሽ የተማረው ነገር ነው። ስለዚህ በድግግሞሽ ሌላ ነገር ልናስተምረው እንችላለን። እኛ ግን ማስተማሩን ትተን ወደ ቅጣት እንሮጣለን።

ከቅጣት መጀመር

እሬት፣ ሚጥሚጣ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ መራራ የጥፍር ቀለም። ሁላችንም የምንጀምረው ከዚህ ነው። እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ እሬት ይቀባሉ፣ ይሠራልም። የሚሠራው ግን ልጁ በሞከረ ቁጥር፣ አንድም ጊዜ ሳይቀር፣ ምሬቱን ስለሚያገኘው ነው። ጥፍር ላይ እንዲህ ማድረግ ይከብዳል፣ በተለይ በእጃችን ለምንበላ ለእኛ። መራራውን ቀለም ጠዋት ቀብታችሁ ምሳ ሰዓት ላይ እንጀራ ስትቆርሱ የሚመራችሁ ወጡ ነው። እኔ በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጄን መቀባት ተውኩ። ከዚያ በኋላ የምበላው የቀኝ እጄን ጥፍር ብቻ ሆነ።

በእነዚህ ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው መራራ ነገር ዴናቶኒየም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ስኮትላንድ ውስጥ ስለ ማደንዘዣ መድኃኒት ሲመራመሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው ያገኙት፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁ መራራ ነገሮች ሁሉ ከፊተኞቹ ይቆጠራል። ይህን ያህል መሮም ብቻውን ልማዱን ሊነቅለው ያልቻለው ለምንድን ነው? ቀለሙ ታጥቦ የለቀቀ ቀን የምትነክሱት ጥፍር ሽልማት ስለሚሆን ነው። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ስኪነር በአይጥና በእርግብ ላይ በሠራቸው ሙከራዎች ይህንኑ አይቷል፦ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ባህሪ፣ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለማጥፋት ያስቸግራል። ቀለሙን ከተጠቀማችሁ እንደ ማንቂያ ተጠቀሙበት፤ «እጅህ አፍህ ውስጥ ነው» ብሎ ይንገራችሁ፣ ሌላውን ሥራ እናንተ ሥሩት። ሚጥሚጣና በርበሬ ግን በፍጹም ልጅ ጣት ላይ አትቀቡ። ልጅ ዓይኑን ያሻል።

እጃችንን ሳናውቀው መጀመር

ይህኛውን ከሁሉም በላይ ልብ በሉልኝ። «ብዙ ጊዜ እበላለሁ» ማለት እጅን ማወቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 አዝሪንና ነን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይኮሎጂስቶች «ሀቢት ሪቨርሳል» (ልማድን መቀልበስ) የሚባለውን ዘዴ ሲያወጡ መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ሰውየው ልማዱን ራሱ እንዲያስተውል ማሠልጠን ነው፤ መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ።

እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳልከለክል መዘገብኩ። «ሰኞ ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ፣ መንገድ ተዘጋግቶ፣ ቀኝ አውራ ጣት።» «ማታ፣ ኳስ እያየሁ፣ ግራ እጅ፣ አራቱም።» በአራተኛው ቀን አንድ ነገር አየሁ። እጄ በቀጥታ ወደ አፌ አይሄድም። መጀመሪያ አውራ ጣቴ የሌሎቹን ጣቶች ጠርዝ አንድ በአንድ ይዳብሳል። የሻከረች ቦታ ይፈልጋል። ሲያገኛት ይመለስባታል፣ ደግሞ ይመለስባታል፣ ከዚያ ነው እጄ የሚነሳው። ለካ ልማዱ የሚጀምረው አፌ ጋ ሳይሆን ጭኔ ላይ ነበር! እጅ አፍ ከደረሰ በኋላ ማስቆም ከባድ ነው፤ ዳበሳው ላይ ማስቆም ግን ይቻላል። በዚያው ቀን ሞረድ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። የሻከረውን ስትሞርዱት እጅ የሚፈልገውን ያጣል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ለእኔ ከመራራው ቀለም የበለጠ የሠራው እሱ ነው።

«አትብላ» ብቻ ማለት

እጅ ባዶውን አይቀመጥም። ምን አታድርግ ብቻ ሳይሆን ምን አድርግ መባል አለበት። በሀቢት ሪቨርሳል የሚመከረው ከመንከስ ጋር አብሮ ሊሆን የማይችል እንቅስቃሴ ነው፤ ለምሳሌ ጣቶችን ሰብስቦ መጨበጥ፣ ወይም ቦርሳ፣ እስክሪብቶ፣ የወንበር ክንድ ይዞ መቆየት። ሰው ፊት፣ ስብሰባ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሳያሳፍር የሚደረግ ይሁን። ሁለት ሰከንድ ጨብጦ መልቀቅ ግን ምንም አይጠቅምም። ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ያዙት፣ ፍላጎቱ ራሱ እስኪበርድ ድረስ። ሰዓት እያያችሁ ስትሞክሩት አንድ ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ትደነግጣላችሁ።

ሽልማቱን ማራቅ

«ወሩን ሙሉ ካልበላሁ ጫማ እገዛለሁ።» ወር ሩቅ ነው። መንከስ የሚሰጠው እፎይታ ግን ወዲያው ነው፣ ስለዚህ ሁሌም እሱ ያሸንፋል። ሽልማቱን አቅርቡት፦ ምሽቱን በሰላም ካለፋችሁ ዛሬውኑ፣ ትንሽም ብትሆን። ደግሞ አሥሩንም ጣት በአንዴ አትጀምሩ። እኔ በግራ እጄ ትንሿ ጣት ጀመርኩ። እሷ ስታድግ አይቼ ነው ለሌሎቹ አቅም ያገኘሁት።

ልጅን ሰው ፊት መቆጣት

«እጅህን ከአፍህ አውጣ!» የእህቴን ልጅ እንግዳ ፊት ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳልነው። አንገቱን ይደፋል፣ እጁን ያወርዳል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይመልሰዋል። ጭንቀት አንዱ መነሻ ከሆነ ቁጣ ጭንቀት መጨመር ነው። አሁን እናቱ አካሄዷን ቀይራለች። እጁ አፉ ውስጥ ሲሆን ስሙን ሳትጠራ ጉልበቱን በእጇ ነካ ታደርገዋለች፣ የተስማሙበት ምልክት ነው። ቡና ተፈልቶ ሲያልቅ ደግሞ ጆሮው ላይ፣ «ዛሬ እጅህ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር፣ አየሁህ» ትለዋለች። ፊቱ ሲፈካ ብታዩት!

21 ቀን መቁጠር

በ21 ቀን ልማድ ይቀየራል የሚባለውን እርሱት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የለንደን ጥናት አዲስ ልማድ ሥር ለመስደድ በአማካይ 66 ቀን ያህል እንደሚፈጅ አሳይቷል፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። የእጅ ጥፍር ራሱ የሚያድገው በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። እና በሦስት ሳምንት ውስጥ ጣታችሁ ካላማረ አልተሳካም ማለት አይደለም።

ጣቱ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም እየደማም ማቆም ካልቻላችሁ ግን ብቻችሁን አትታገሉት፣ ሐኪም ይየው።

አንድ ቀን መሸነፍን እንደ መጨረሻ መቁጠር

ሰባት ወር ሙሉ ካቆምኩ በኋላ እናቴ ታመመች። ሌሊቱን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሦስት ጣት በላሁ። ድሮ ቢሆን «አበቃ» ብዬ ቀሪውንም እጨርስ ነበር። ሲነጋ ያንኑ ደብተር አውጥቼ «ሌሊት፣ ኮሪደር፣ ግራ እጅ፣ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የቀሩትን ጠርዞች ሞረድኩና እናቴ እስክትነቃ እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ።