የጡት ዕጢ ሪፖርት ላይ ያሉትን የፕሮቲን ቁጥሮች ሳይደነግጡ እንዴት ማንበብ ይቻላል

የእህቴ የጡት ዕጢ የፓቶሎጂ ሪፖርት (የናሙናው የላብራቶሪ ምርመራ ውጤት) እጄ የገባ ቀን ከሁለቱ ገጾች የገባኝ ስሟና ዕድሜዋ ብቻ ነበር። የቀረው ፊደልና ፐርሰንት ነው። ለብቻዬ ላነበው ሞከርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ ቤተሰብ አስለቀስኩ። እናንተ እንዳትደግሙት አካሄዱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሪፖርቱ ከየትኛው ናሙና እንደመጣ እዩ። በመርፌ የተወሰደ ባዮፕሲ ነው ወይስ በኦፕራሲዮን የወጣው ዕጢ? ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉት። በስልክ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ሁሉ መላክ ይቅርባችሁ፤ ሃያ ሰው ሃያ ትርጉም ይዞ ይመጣል።

ግሬድና ስቴጅን አታምታቱ። ስቴጅ ካንሰሩ የት ድረስ እንደሄደ ይናገራል። ግሬድ ደግሞ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ። ግሬድ 3 ስቴጅ 3 አይደለም።

ከዚያ የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ተቀባዮችን፣ ማለትም ሴሉ ውስጥ ሆነው እነዚህን ሆርሞኖች የሚቀበሉትን ፕሮቲኖች፣ ፈልጉ። ከዕጢው ሴሎች 1 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ በላብራቶሪው ማቅለሚያ ከቀለሙ ፖዘቲቭ ይባላል። ቃሉ ያስፈራል እንጂ እዚህ ጋ ደህና ወሬ ነው፤ ሆርሞኑን የሚያግድ መድኃኒት ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ኢስትሮጅኑ ከ1 እስከ 10 ፐርሰንት ከሆነ ግን "ዝቅተኛ ፖዘቲቭ" ስለሚባል መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚረዳ ሐኪሙን ጠይቁ።

ኸር-2 (HER2) ሴሉ እንዲያድግ የሚገፋ ፕሮቲን ነው። እሱ ላይ 0 እና 1+ ኔጌቲቭ ነው፣ 3+ ፖዘቲቭ። 2+ ማለት ገና አልለየለትም፤ የጂን ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ምንም አትደምድሙ። ድሮ 3+ መጥፎ ዜና ብቻ ነበር፣ ዕጢው በፍጥነት የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ። ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ግን ያው ፕሮቲን የመድኃኒቱ ዒላማ ሆነ። "ኔጌቲቭ" ብቻ ብላችሁም አትለፉት፣ ቁጥሩን ራሱን ጻፉ፤ ካንሰሩ ከተሰራጨ 1+ የሆነውም የሚታከምበት አዲስ መድኃኒት አለ።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳው ወደ ኬአይ-67 (Ki-67) እንምጣ። ሁለቱ የላቲን ፊደላት ፕሮቲኑ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ከሆነባት ኪል ከምትባል የጀርመን ከተማ የመጡ ናቸው። ለመከፋፈል ሥራ ላይ ያለ ሴል ይህ ፕሮቲን አለው፣ ያረፈ ሴል የለውም። ስለዚህ ፐርሰንቱ ከመቶ የዕጢው ሴሎች ስንቱ ሥራ ላይ እንደነበሩ ይነግራችኋል።

የእህቴ ባዮፕሲ 14 አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኦፕራሲዮኑ ሪፖርት 26 ይዞ መጣ። እኔ ሆዬ "እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው!" ብዬ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ እናቴ ጎን ቆማ ሰማች፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። በማግስቱ ፓቶሎጂስቷን ለምኜ ገባሁና ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችኝ። ሰማያዊ ነጠብጣብ የሞላበት መስክ ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ቡናማ። ቡናማዎቹ ናቸው ኬአይ-67 ያላቸው። አንዱ ጥግ ላይ ቡናማው ተጨናንቋል። ስላይዱን ትንሽ ገፋ ስታደርገው ከመቶው አምስቱ እንኳ ቡናማ አይደለም። ያው ዕጢ፣ ያው ስላይድ! "የቱን ልቁጠርልሽ?" አለችኝ።

መርፌ የሚያወጣው ክር የምታክል ቁራጭ ነው፣ የትኛው ጥግ ላይ እንዳረፈ ደግሞ ዕድል ነው። አንዱ ባለሙያ የተጨናነቀውን ቦታ ይቆጥራል፣ ሌላው የሁሉንም አማካይ ይወስዳል። ፈዘዝ ያለውን ቡናማ አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው ይዘለዋል። ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን፣ ውስጥ ሳይገባ ከቆየም ቁጥሩ ይዛባል፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ገብቶ ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ስለዚህ የሁለት ናሙና ወይም የሁለት ላብራቶሪ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ "ጨመረ፣ ቀነሰ" አትበሉ። በመሃል መድኃኒት ተጀምሮ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን ሐኪሙ ያንብበው።

በዚህ ፕሮቲን ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ያለው ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ኢስትሮጅን ፖዘቲቭና ኸር-2 ኔጌቲቭ በሆነ፣ ገና ጅምር ላይ ባለ የጡት ካንሰር 5ና ከዚያ በታች፣ ወይም 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቁጥሩን መጠቀም ይቻላል። መሃሉ ብቻውን አያስተማምንም። የእህቴ 14ም 26ም እዚያው መሃል ናቸው። ያን ሁሉ እንባ ያፈሰስነው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ቁጥር አስገብታችሁ የመኖር ዕድል የሚያሰሉትን ካልኩሌተሮች ማታ ብቻችሁን አትክፈቱ። ከሐኪም ጋር ከሆነ ደህና መሣሪያ ናቸው።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ "ቁጥሩ ስንት ነው?" ሳይሆን "ይህ ቁጥር ሕክምናዋን ይቀይረዋል ወይ?" በሉ። መሃል ላይ ለወደቀ ሰው ብዙ ጂኖችን አንድ ላይ የሚያይ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቁ። እኔ ይህን የጠየቅኩት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ወረቀት አየና "14 ይሁን 26፣ የሆርሞን መድኃኒቷን ትጀምራለች" አለኝ።