ጥርስ ከመሞረዱ በፊት፦ በቬኒር ጉዳይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የሰርግ ወቅት ሲቃረብ ጣና ዳር በሙሽሮች ይሞላል። ዘንባባው ስር ፎቶ፣ ጀልባው ላይ ፎቶ። ከፎቶው በፊት ደግሞ የጥርስ ጉዳይ ይነሳል። «ቬኒር ላሠራ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ አሁን ቡና ላይ የሚወራ ተራ ወሬ ሆኗል።

ቬኒር ከጥርስ የፊት ገጽ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው። የሚሠራው ከሴራሚክ ወይም ከኮምፖዚት፣ ማለትም ጥርስ ለመሙላት ከሚያገለግለው ነጭ ማቴሪያል ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ቻርለስ ፒንከስ የተባለ የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋናዮች ተመሳሳይ ሽፋን ሠርቶ ነበር። ያኔ አጥብቆ የሚይዝ ሙጫ ስላልነበረ ለቀረጻ ብቻ ይለጠፍና ወዲያው ይወልቃል። ዛሬ ግን የጥርሱ ገጽ በአሲድ ተዘጋጅቶ ሽፋኑ በልዩ ሙጫ ይጣበቃል፤ ሙጫውም በብርሃን ይጠነክራል። ለዓመታት አይላቀቅም። ስህተት ከተሠራም እንደዚያው።

«ካልወደድኩት አስነሳዋለሁ» ማለት

ቬኒርን እንደ ጥፍር ቀለም የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ለሴራሚክ ቬኒር አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሱ ፊት ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ያህል ይሞረዳል። ቁጥሩ ሲሰሙት ኢምንት ነው። የሚሞረደው ግን ኢናሜል የሚባለው የጥርስ የውጭ ንብርብር ነው፤ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር። አጥንት ቢሰበር ይጋጠማል። ኢናሜል አንዴ ከሄደ ሄደ ነው፤ መልሶ አይበቅልም። ስለዚህ የተሞረደ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ሽፋን ይፈልጋል።

ሽፋኑ ደግሞ ዕድሜ ልክ አይቆይም። ሴራሚክ በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ የሚቆይለት አለ። ኮምፖዚት ከ5 እስከ 7 ዓመት ገደማ ነው። በ25 ዓመቷ የምታሠራ ልጅ ወደፊት ሁለት ሦስቴ እንደምትቀይረው አውቃ ትግባበት። ዋጋውንም በዚሁ ስሌት ታስበው። ኮምፖዚት ቶሎ ቢያልቅም ብዙ ጊዜ ጥርሱን ብዙ ሳይነኩ ይሠራል፤ ሲሸረፍም እዚያው ወንበር ላይ ይጠገናል። እኔን ብትጠይቁኝ ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

በቲክቶክ የምታዩት እንደ ጉቶ የተሞረደ ጥርስስ? እሱ ቬኒር አይደለም፤ ክራውን ነው። ክራውን ሲሠራ ጥርሱ ዙሪያውን ነው የሚሞረደው። ለተሰበረ ወይም ሥሩ ለታከመ ጥርስ ተገቢ ሕክምና ነው። ጤነኛ የፊት ጥርስን ለንጣት ብሎ ጉቶ ማድረግ ግን ግፍ ነው። ወጪው ይቀንሳል ተብሎ ውጭ አገር ሄደው ቬኒር ያሠሩ መስሏቸው ክራውን ይዘው የሚመለሱ አሉ። ወንበሩ ላይ ሳትጋደሙ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ከፊት ብቻ ነው የሚሞረደው ወይስ ዙሪያውን? ስንት ጥርስ?» ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኛችሁ ተነሱ።

ጥርሱ ለምን እንደጠቆረ ሳያውቁ መሸፈን

የቡና፣ የጫት ወይም የሲጋራ ጥቁረት ከሆነ ጥርስ ማሳጠብ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ብዙ ሰው ከእጥበት በኋላ መስታወት አይቶ የቬኒሩን ነገር ይተወዋል።

ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደገ ሰው ጉዳይ ይለያል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ባሕር ዳር የመጣ፣ ቡናማ ጥርስ ያለው ጓደኛ ብዙዎቻችን አለን። ያ ቡናማነት የንጽሕና ጉድለት አይደለም። ጥርሱ በልጅነት ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ከሚጠጣው ውሃ የገባ፣ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ አላቸው። በብሩሽ አይለቅም፤ በከሰልም ብትፈትጉት ኢናሜሉን ነው የምትጨርሱት። ቀለል ያለው በማንጣት ወይም የላይኛውን ገጽ በስሱ በማለስለስ ይሻሻላል። ከባድ ለሆነው ግን ቬኒር እውነተኛ መፍትሔ ነው። አፉን በእጁ ሸፍኖ ለሚስቅ ሰው የቅንጦት ጉዳይ አይመስለኝም።

አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ምናልባት ከዓመታት በፊት ከባጃጅ ወድቃችሁ ተመቷል፤ ነርቩ ሞቷል። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ፤ ካስፈለገ ሥሩ ይታከም፤ ከዚያ ከውስጥ በኩል ይነጣ። እንዲያው በስስ ቬኒር ቢሸፈን ጥቁረቱ ከስር ያሳብቃል።

በሚደማ ድድ ላይ ማስለጠፍ

ሙጫ እርጥበትና ደም አይወድም። ድድ ከታመመ ጠርዙ በደንብ አይያዝም፤ ከዚያ ከሽፋኑ ስር ጥርሱ ይበላል። እናቶቻችን ለቁንጅና ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ዛሬም ንቅሳት ያላት ሴት ካለች የድዷ መቅላት ላይታይ ስለሚችል በብሩሽ ጊዜ ይደማ እንደሆነ ለሐኪሙ ትንገር።

«ከሁሉም ነጩን ስጡኝ»

ሐኪሙ የጥርስ ቀለም ናሙናዎችን ያወጣል። አብዛኛው ሰው ዓይኑ የመጨረሻው ነጭ ላይ ያርፋል። ክሊኒኩ መብራት ስር ያምራል፤ ጣና ዳር የቀትር ፀሐይ ላይ ግን እንደ ሽንት ቤት ሸክላ ቦግ ይላል። የዓይናችሁን ነጭ እዩ። ጥርሳችሁ ከእሱ እጅግ ከነጣ ሰው ሠራሽነቱ ከሩቅ ይታወቃል።

ቀለም የሚመረጠው በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ሊፕስቲክ ተጠርጎ ነው። ሥራው ሳይጀመር መሆን አለበት። አፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ጥርስ ሲደርቅ ከእውነተኛ ቀለሙ ይነጣል፤ ያኔ የተመረጠ ቀለም ያሳስታል።

ሌሎቹን ጥርሶች ማንጣት የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ አንጡ። ሴራሚክ በማንጫ አይነጣም። ካነጣችሁ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ፤ ቀለሙ ይረጋል፣ ሙጫውም በደንብ ይይዛል።

ሳይሞክሩ መሞረድ

ጥርሱ ሳይነካ አዲሱን ቅርጽ በጊዜያዊ ማቴሪያል ላዩ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ይህን የማያቀርብ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ እናንተ ጠይቁ። መስታወት ብቻ አትዩ፤ አውሩ። «ፋሲለደስ» በሉ፣ «ስድስት» በሉ። «ፈ» ስትሉ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል፤ ጥርሱ ከረዘመ ድምፁ ይያዛል። ከ«ሰ» ጋር ፉጨት ከመጣም እዚያው ይታረማል። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ማስተካከሉ ጣጣ ነው።

ሰርጉ ሲደርስ መሮጥ

ጥር ላይ የምታገቡ ከሆነ ጥቅምት ላይ ጀምሩ። እጥበት፣ ማንጣት፣ ሙከራ፣ መሞረድ፣ የላብራቶሪ ሥራ፣ መለጠፍ እያለ ቀኑ ይሄዳል። ከሞረዳ እስከ መለጠፍ ባለው ጊዜ ጊዜያዊ ሽፋን ነው የሚኖራችሁ፤ በእሱ ጥሬ ሥጋ አይቆረጥም። አዲስ አበባ ለማሠራት ካሰባችሁ ደግሞ አንዷ ቬኒር ብትወልቅ ማን እንደሚያያት ከወዲሁ ጠይቁ።

የሚያፋጭ ጥርስ

ማታ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ሴራሚኩን ይሰብረዋል። ጠዋት መንጋጋችሁ ከደከመ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ለመኝታ የሚደረግ መከላከያ አለ። የተዛነፈ ጥርስም በብሬስ (በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) መስተካከል የሚችል ከሆነ ያ ይቅደም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይቆይ።

ከተለጠፈ በኋላ እንደ ድሮው መኖር

በፊት ጥርስ ጠርሙስ መክፈት፣ ሸንኮራ መላጥ፣ አጥንት መጋጥ ይቅር። ቆሎ በመንጋጋ ይበላ። የጣና አሳ ጥብስ ችግር የለውም። ኮምፖዚት ያሠራ ሰው ቡና ማቆም አይጠበቅበትም፤ ግን ቀለም እንደሚይዝ ይወቅ። ፍሎራይድ ባለው፣ ሻካራ ባልሆነ የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ቦርሹ፤ ከሽፋኑ ኋላ ያለው ጥርስ አሁንም ይበላል።

አንዷ ብትወልቅ በሱፐር ግሉ አትለጥፏት። በትንሽ ንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ ወደ ሐኪሙ ይዛችኋት ሂዱ። ካልተሰበረች ብዙ ጊዜ መልሳ ትለጠፋለች።